አዲስ አበባ የደረሱት ባለጎማ ቤቶች

በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ረጅም መንገድ የነዳ ሰው አንድ ቀን ሳያያቸው አይቀርም። ፀሐይ ሲያርፍባቸው ዓይን ይወጋሉ፤ አልፈው ሲሄዱ ደግሞ ክንፉና ጅራቱ ተቆርጦ ሆዱ ብቻ የቀረ አውሮፕላን ይመስላሉ። ማዕዘን የሚባል ነገር የላቸውም፤ ሁሉም ነገራቸው የተድቦለቦለ ነው። ኤርስትሪም ይባላሉ። የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን “ተሳቢ” ከሚሉት ወገን ናቸው፤ ልዩነቱ ሸቀጥ ሳይሆን አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ታንከርና መጸዳጃ ጭነው መጎተታቸው ነው።

ብዙ ሰው “የጡረተኛ ሀብታም መጫወቻ” ብሎ ያልፋቸዋል። ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከእነዚህ ቤቶች 41ዱ በ1959 ከኬፕታውን ተነስተው፣ በኬንያ በኩል ኢትዮጵያ ገብተው፣ አዲስ አበባ ደርሰው፣ መሪያቸውም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝቶ፣ በሱዳን በኩል አልፈው በ1960 ከካይሮ ፒራሚዶች አጠገብ ሰፍረዋል። አሮጌ ኤርስትሪም እየፈለጉ ማደስን ሥራዬ ብለው የያዙ አሜሪካውያን ስለዚያ ጉዞ ሲያወሩ ስለ ዓድዋ እንደሚያወራ ሽማግሌ ነው የሚሆኑት። የእኛ ሰው ግን ታሪኩን እምብዛም አያውቀውም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎጆውን ይዞ የሚዞረው እረኛ

የነገሩ ጀማሪ ዋሊ ባያም የተባለ ሰው ነው። በ1896 ኦሪገን ውስጥ ቤከር ሲቲ በተባለች ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ በግ ይጠብቅ ነበር። የሚያድረውም አህያ በሚጎትታት ባለሁለት ጎማ ጋሪ ውስጥ ሲሆን፣ በጋሪዋ ውስጥ ምድጃ፣ ስንቅና የመታጠቢያ ባልዲ ነበሩት። የእኛ አገር እረኛ ማታ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ይኼኛው ጎጆውን ይዞ ነበር የሚዞረው። ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ሁሉ ያችን ጋሪ ማሻሻል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፣ በማስታወቂያ ሥራ ሠራ፣ መጽሔት አሳታሚም ሆነ። አንድ ጊዜ ባለጎማ ቤት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ጽሑፍ መጽሔቱ ላይ ቢያወጣ፣ አንባቢዎች “በዚህ ፕላን ቤት አይሠራም” ብለው አማረሩ። ባያም ራሱ ሞከረው፤ እውነትም አይሠራም። ስለዚህ በጓሮው የራሱን ሠራና ፕላኑን መሸጥ ጀመረ። በ1931 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኩባንያውን ከፈተ። ዘመኑ አሜሪካ በሥራ አጥነት የተመታችበት፣ ሰው ቤቱን ለባንክ ያስረከበበት ዘመን ነበር።

የዛሬዎቹ አዳሾች የሚያመልኩት ቅርጽ ግን የባያም ፈጠራ አልነበረም። ሃውሊ ቦውለስ የሚባል የአውሮፕላን ሠሪ ነበር፤ ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክ ውቅያኖስን ብቻውን ያቋረጠባት አውሮፕላን ስትሠራ ሥራውን የተቆጣጠረው እሱ ነው። ይህ ሰው በ1934 ከአልሙኒየም ላሜራ በሪቬት የተያያዘ፣ ነፋስ የማይከለክለው ተሳቢ ቤት ሠራ። ቤቱ ግሩም ነበር፤ ገበያው ግን አልቀናውም። የሠራቸውም በጣም ጥቂት ስለሆኑ አንድ የቦውለስ ተሳቢ ዛሬ ብቅ ቢል የጋራዥ ወሬ ሳይሆን የጨረታ ቤት ወሬ ነው። ቦውለስ ሲከስር ባያም ንድፉን ወርሶ፣ ከፊት የነበረውን በር ወደ ጎን አዛውሮ፣ በ1936 “ክሊፐር” ብሎ አወጣው። ክሊፐር አራት ሰው ያስተኛል፣ የራሱ ውሃና የኤሌክትሪክ መብራት አለው። ዋጋው 1,200 ዶላር ነበር፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ አልሙኒየም ሁሉ ለአውሮፕላን ሆነና ፋብሪካው ተዘጋ። ባያምም አውሮፕላን ፋብሪካ ገብቶ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው እንደገና ሲቀጥል፣ በ1947 አልፍሬድ ለቱርነር የተባለ ፈረንሳዊ ብስክሌተኛ አንዱን ተሳቢ በብስክሌት ሲጎትት ፎቶግራፍ ተነሳ። ቤቱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለማሳየት ነበር፤ ሥዕሉም የኩባንያው ዓርማ እስከ መሆን ደረሰ።

ከኬፕታውን ወደ ካይሮ

ባያም ተሳቢ ሸጦ ዝም አላለም። ገዢዎቹን እየሰበሰበ በጓድ ማስጓዝ ጀመረ። የመጀመሪያው ጉዞ በ1951 መጨረሻ ከቴክሳስ ወደ ማዕከላዊ አሜሪካ የተደረገው ነው። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃኛል ይል ነበር፤ እሱ ግን በ1956 አውሮፓን አዞራቸው፣ ቀጥሎም አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለ።

41 ተሳቢዎችና 106 ሰዎች ነበሩ። ከተጓዦቹ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ናቸው። ፒት ተርነር የተባለ የ25 ዓመት ፎቶግራፍ አንሺ ሰባት ወር ያህል አብሯቸው ተጉዟል፤ በኋላ በቀለም ፎቶግራፍ ዓለም ያወቀው ሰው ሆነ። ደቡብ አፍሪካን፣ ሮዴዥያን፣ የቤልጂግ ኮንጎን፣ ዩጋንዳንና ኬንያን አቋርጠው ወደ ኢትዮጵያ ወጡ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ካርታውን ማየት ይገባል። ጊዜው 1959 ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሥር ናት። ኮንጎ የቤልጂግ ናት፤ ነፃ የወጣችው በሰኔ 1960 ነው። ኬንያ ውስጥ በማው ማው ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ገና አልተነሳም። እነዚህ ሰዎች ከኬፕታውን ጀምሮ ያለፉበት መሬት ሁሉ ነጭ የሚገዛው ነበር። በአፍሪካዊ መሪ የምትተዳደር አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት የኢትዮጵያን ወሰን ሲሻገሩ ነው። የጉዞው ወዳጆች ሲያወሩ ስለ ጭቃው፣ ስለ ተሰበረው ብረትና ስለ ጎማው ነው የሚበዛው፤ ይህን ነገር ግን የሚያነሱት ከስንት አንዴ ነው።

በእርግጥ የመንገዱም ነገር ቀላል አልነበረም። በሰሜን ኬንያና በቦረና በኩል ያለው መንገድ ያን ጊዜ አስፋልት አያውቅም። የኬንያው ወገን ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ሙሉ በሙሉ አስፋልት የለበሰው እንኳን በ2010ዎቹ ነው። ያን መንገድ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ያለፈ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። እንግዲህ ሳህንና ብርጭቆ የተደረደረበት፣ በሩ ጥሩ መጋረጃ የተንጠለጠለበት ቤት ከኋላ እየጎተቱ ማለፍ ነው። ባሌስትራው በድንጋይ ላይ ሲወርድና ሲወጣ ሪቬቱ ይላላል፣ መሳቢያው ይፈታል፣ አቧራው በማይታይ ቀዳዳ ገብቶ አልጋ ላይ ይተኛል።

አዲስ አበባ ያን ጊዜ የራሷ ወግ ነበራት። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከተቋቋመ ዓመት ያህሉ ነው። የ1960ው የታኅሣሥ ግርግር ሊመጣ ዓመት ገደማ ቀርቶታል። ባያም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተነሳው ፎቶግራፍ በኤርስትሪም ወዳጆች ዘንድ በፒራሚዶቹ ሥር ከተነሳው ቀጥሎ የሚታወቅ ነው። የበግ እረኛው ልጅ ከዚህ በላይ ምን ሊፈልግ ኖሯል?

ከኢትዮጵያ በሱዳን አድርገው፣ የኑቢያን በረሃ አቋርጠው ግብፅ ገቡ። ባያም በዚያው በ1960 ስለ ተሳቢ ጉዞ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1962 ሞተ። ጓዱ ተበተነ። ተሳቢዎቹም ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ከአገር ቤት ጓሮ፣ ከእህል ጎተራ ጥግ፣ ከዓሣ አጥማጅ ሐይቅ ዳር ወደቁ። ዛሬ የድሮ ኤርስትሪም አዳኞች ትልቁ ሕልም ከእነዚያ ከ41ዱ አንዱን ማግኘት ነው። የሚያስቸግረውም ይህ ነው፤ አፍሪካን ያቋረጠ ተሳቢና ከኦሃዮ ወጥቶ የማያውቅ ተሳቢ በመልክ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ጠባሳ ብቻ ነው፦ የተጠጋገነ ላሜራ፣ በእጅ የተበየደ ሻንሲ፣ በክፍተት ውስጥ የቀረ ቀይ አፈር። አዳሹ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህንኑ ነው።

ወስፌ ይዞ መሄድ

ኩባንያው እንደሚለው እስከ ዛሬ ከሠራቸው ተሳቢዎች ከግማሽ የሚበልጡት ዛሬም መንገድ ላይ ናቸው። ይህ ግን ሁሉም ደህና ናቸው ማለት አይደለም። አሮጌ ተሳቢ በርካሽ አግኝቶ ለሽርሽር ወይም ለምግብና ለቡና መሸጫ አድርጋለሁ የሚል ሰው ከመግዛቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

ሰው ሲያይ የሚያየው የሚያብለጨልጨውን ገላ ነው። መታየት ያለበት ግን ወለሉ ነው። ወለሉ ኮምፐንሳቶ ነው፤ ከታች የብረት ሻንሲ፣ ከላይ የአልሙኒየሙ ቅርፊት ይዘውት በመካከል ይቀመጣል፤ ሦስቱ ተያይዘው ነው ጥንካሬ የሚሆኑት። ኮምፐንሳቶው ሲበሰብስ ቤቱና ሻንሲው ፍቺ ጀመሩ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ወስፌ ይዘው ይሄዳሉ። የእናቶቻችን የስፌት ወስፌም ይሆናል። ከበሩ ሥር፣ ከመስኮቶች በታች፣ በተለይም ከኋላ ሁለቱን ጥጎች ይወጋሉ። ወስፌው ከቆመ እሰየው። እንደ ድፎ ዳቦ ዘልቆ ከገባ ሻጩ የጠራውን ዋጋ እንደገና ማነጋገር ነው።

ሁለተኛው ፈተና ይበልጥ ቀላል ነው። አንድ ሰው ከኋላ ባለው መከላከያ ብረት ላይ ቆሞ ይረግጥ፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ይመልከት። ብረቱ ወርዶ ቅርፊቱ ባለበት ከቀረ፣ የኋለኛው ክፍል ከሻንሲው ተላቋል። ይህ የእነዚህ ተሳቢዎች የታወቀ በሽታ ነው፤ ፈውሱም ወለል መግለጥ ነው።

ሦስተኛው ውሃ ነው። አንዱ ከውጭ በጎማ ቱቦ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያጠጣል፣ ሌላው ከውስጥ ባትሪ ይዞ ይፈልጋል። በጣሪያው መተንፈሻ፣ በመስኮት ጎማ፣ በመብራቶቹ ሥርና በላላ ሪቬት በኩል የማይገባ ውሃ የለም። ማስቲሹ ከ40 እና ከ50 ዓመት በኋላ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። በግድግዳው ሁለት ላሜራዎች መካከል ያለው የሙቀት መከላከያ ጥጥ ደግሞ የአይጥ አዳራሽ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ የአይጥ ኩስ ደርቆ ሲቦን አደገኛ የሳንባ በሽታ ያስተላልፋል። በደረቁ አይጠረግም። አፍንጫና አፍ ተሸፍኖ፣ በበረኪና ውሃ ርሶ ነው የሚነሳው።

ከ1961 ወዲህ የተሠሩት ባሌስትራ የላቸውም። በአክሱ ውስጥ ባለ ጎማ ነው የሚነጥሩት፤ ያ ጎማ ደግሞ ለዓመታት አንድ ቦታ ሲቆም ይሞታል። መንገድ ላይ ተሳቢው እንደ በቅሎ ይዘላል፣ ሪቬቱም ይረግፋል። ስለዚህ አክሱ መቀየር አለበት። የመኪና ጎማውም ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ አይታመንም፤ በጎኑ ላይ የተቀረጹት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። የጋዝ መስመሩን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውንና ፍሬኑን አዋቂ ሳያያቸው ማንም ሰው ውስጡ መተኛት የለበትም። የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርም ተሳቢው ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን ገንዘብ ሳይከፈል ማየት ነው። ወረቀት የሌለው ተሳቢ በነፃም ቢሆን ውድ ነው።

ሁለት ሰው የሚጠይቅ ችንካር

ከባዱ እድሳት ቅርፊቱን ከሻንሲው ላይ ማንሳት ነው። የቤት ዕቃው ሁሉ ይወጣል፣ የውስጥ ላሜራዎች አንድ በአንድ ቁጥር ተጽፎባቸው ይነሳሉ፣ ከዚያ መላው ቤት እንደ ድስት ክዳን ወደ ላይ ይነሳና የእንጨት ድጋፍ ላይ ይሰቀላል። ሻንሲው ዝገቱ ተፍቆ፣ የበሰበሰው ተቆርጦ፣ ተበይዶና ተቀብቶ አዲስ ኮምፐንሳቶ ይለብሳል። ከዚያ ቤቱ በቦታው ይመለሳል። በወሬ አንድ አንቀጽ ነው፤ በተግባር ግን ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚሠራ ሰው ዓመታት ይፈጃል።

ከሁሉም ደስ የሚለው ሪቬቱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ እንደተሠራው ዓይነት ሪቬት ለመምታት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከውጭ በአየር መዶሻ ይመታል፤ ሌላው ከውስጥ ብረት ደግፎ የሪቬቱን ጅራት ይጨፈልቃል። በመካከላቸው ላሜራ ስላለ አይተያዩም፤ በጩኸቱም ምክንያት አይሰማሙም። በማንኳኳት ምልክት ነው የሚግባቡት። አንድ ተሳቢ ላይ እንዲህ ያለ ሪቬት በሺህ ይቆጠራል። ባልና ሚስት አብረው የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ወይ ይፋቀራሉ ወይ ይፋታሉ።

የእኛ ሰው ለዚህ ሥራ ባይተዋር አይደለም። ምናለሽ ተራ ላይ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከተጣለ ቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ሲቀጠቀጥ እያየ ያደገ፣ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲያማርጥ የዋለ ሰው ስንት አለ። ቃላቱንም ከጣሊያን ወርሰን ይዘናቸዋል፤ ባሌስትራ፣ ኮምፐንሳቶ፣ ትራፓኖ፣ ካቻቢቴ። አሜሪካዊው በመጽሐፍ የሚማረውን “የተጣለ ነገር የለም” የሚለውን ትምህርት አንድ የአዲስ አበባ ላሜራ ሠሪ ከእናቱ ቤት ነው የሚያመጣው።

መስተዋት ወይስ ጠባሳ?

አሁን ጠቡ ያለበት ቦታ ደረስን። የእነዚያ ዘመን ተሳቢዎች ላሜራ አልክላድ ይባላል። መሐሉ ጠንካራ ቅይጥ ሲሆን በሁለቱም ገጽ እንደ ቅባት ስስ ንጹሕ አልሙኒየም ለብሷል። የውጪው ገጽ እንዳይበላሽ ፋብሪካው በቀለም አልባ ቫርኒሽ ይሸፍነው ነበር። ያ ቫርኒሽ በዓመታት ይላላጣል፣ ሥሩም ያሉት አልሙኒየም አመድማ ይሆናል። አዳሹ ቫርኒሹን በኬሚካል አንስቶ፣ ከዚያ በማሽን ላይ በተገጠመ የበግ ፀጉር ጨርቅና በሚፍቅ ቅባት፣ ጢምን ማየት እስኪቻልበት ድረስ ይወለውለዋል። እጅና ፊት ጥቀርሻ ይመስላል። መካከለኛ ተሳቢ ከ100 ሰዓት በላይ መብላቱ የተለመደ ነው። የድስት ቂጥ በአመድ ፈግፍጎ ያስነጣ ሰው ደስታው ይገባዋል፤ ግን እዚህ አመድም ሆነ ብርጭቆ ወረቀት አይነካም፤ ያን ስስ ንጹሕ ገጽ ገፎ መሐሉን ያወጣዋልና።

አብለጭልጮ መንዳት የሚወዱ አሉ፤ ውበቱንም መካድ አይቻልም። ሌሎች ደግሞ “ተውት” ይላሉ። በረዶ የመታው ጉድጓድ፣ የድሮው የጉዞ ማኅበር ቀይ ቁጥር፣ የጉምሩክ ምልክት የተለጠፈበት ቦታ ታሪኩ ነው፤ ከተፋቀ አይመለስም ባዮች ናቸው። እውነቱ ከእነዚህኞቹ ጋር ሳይሆን አይቀርም። ሻንሲው ይታደስ፣ ፍሬኑ አዲስ ይሁን፣ የበሰበሰው ይቀየር። ነገር ግን ከቦረና ሜዳ የመጣ ጭረት ቢገኝ፣ ያን ጭረት በቅባት ማጥፋት የፓስፖርት ማኅተም እንደ መፋቅ ነው። ይባስ ብሎ የውስጡን የእንጨት ሥራ ሁሉ ነቅለው ጥለው ነጭ ቀለም የሚቀቡ አሉ፤ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ይመስላል። ያን ለማድረግ አዲስ መግዛት ነበር የሚሻለው።

የጉዞው ካሜራ ሁሉ የነበረው በተጓዦቹ እጅ ነው። በመንገዱ ዳር የቆመው ሰው ያየው ግን በእኛ ሰው ትዝታ ውስጥ ነው የሚገኘው። በዚያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ 70ን ካለፈ ቆይቷል። በደቡብ በኩል ያደጉ፣ ወይም በዚያ ዓመት አዲስ አበባ የነበሩ አባትና እናት ያሉት አንባቢ በሚቀጥለው ስልክ “ፀሐይ የሚያንጸባርቅባቸው ብዙ ቤቶች በመኪና ተጎትተው ሲያልፉ አይታችኋል?” ብሎ ቢጠይቅ፣ አሜሪካኖቹ ስልሳ ዓመት ሙሉ ያልያዙትን የታሪኩን ግማሽ ሊያገኝ ይችላል።

ነገሩን በዓይን ማየት ለሚሻ፣ ኦሃዮ ጃክሰን ሴንተር ውስጥ ፋብሪካው አጠገብ በ2022 የተከፈተ የኩባንያው ሙዚየም አለ፤ ከኮሎምበስ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ዋሽንግተን አካባቢ ላለው ወገናችን ደግሞ የሚቀርበው ቨርጂኒያ ቻንቲሊ፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የስሚዝሶኒያን የአውሮፕላን ሙዚየም ነው። እዚያ ውስጥ ጎማ የሌለው አንድ ኤርስትሪም ተቀምጧል። በሐምሌ 1969 አርምስትሮንግ፣ ኦልድሪንና ኮሊንስ ከጨረቃ ሲመለሱ በሽታ ይዘው መጥተው እንደሆነ ተብሎ የተቆለፈባቸው እዚያ ውስጥ ነው፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰንም ያነጋገሯቸው በኋለኛው መስኮቱ በኩል ነው። መስኮቱ ዛሬም አለ። ሙዚየሙ መግቢያ አያስከፍልም፤ መኪና ማቆሚያው ግን ያስከፍላል።